ከግድግዳ የተጣበቀው ዕቃ ማጠቢያ

አንድ ሰው ነበረ። ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የቆመውን ውሃ በጣሳ እየጨለፈ ባልዲ ላይ ይገለብጣል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ «ማሽኑ ዕቃ ያጥባል፤ አንተ ማሽኑን ታጥባለህ። ለእኔ ምን ተረፈኝ?» አለችው። አልሳቀም።

ታገሠኝ፣ ይርዳው። የጠየቅኸኝ ስለ ልጅህ እንደሆነ አልረሳሁም። ምንታምር ልትወልድ ቤትህ መጥታ፣ ጨቅላው ሞቶ ከተወለደባት ወዲህ፣ ሐዘኑ ለምን አይለቃትም ብለኸኛል። የምመልስልህ እሱኑ ነው።

ማሽኑ እንደ መጣ ሰሞን ደኅና ነበረ። ከግራ ቀኙ ቁምሳጥን አንድ ስንዝር ወጣ ብሎ ቆሞ፣ ውሃውን ጠብታ ሳያስቀር ይተፋ ነበር። ከዚያ የሰውየው የማኅበር ተራ ደረሰ። ሰውየው ደግሞ እንግዳ የሚያየው ነገር ሁሉ ልክ ልኩን እንዲይዝ ይወዳል። በዋዜማው የሚስቱ ወንድም ገባና ማሽኑን አይቶ፣ «ምነው ይሄ ቦርጩን ነፍቶ ቆመ? እሱም ማኅበርተኛ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ይህች ቀልድ ሰውየውን ቆጠቆጠችው። ትከሻውን ሰጥቶ ማሽኑን ገፋው። ገባለት። ፊቱ ከቁምሳጥኖቹ ጋር አንድ መስመር ሆነ፤ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። እንግዶቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ «ቤታችሁ እንዴት ያምራል!» ብለው መርቀው ሄዱ። ሰውየውም ደስ ብሎት ተኛ።

ውሃው አልወርድ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ጨርሶ አልቆመም፤ ይወርዳል፣ ግን እንደ ሕመምተኛ እያቃሰተ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ። ማሽኑ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ሲከፍቱት፣ የወጥ ቅባት ያዘለ ውሃ ከታች ተኝቷል። ውሎ ሲያድር ይሸታል።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ማጣሪያውን አወጣና አጠበ። የሎሚ ፍሬና የእንቁላል ቅርፊት አገኘ፤ «ይኸው፣ ጉዱ ተገኘ!» አለ። ጉዱ እሱ አልነበረም። ሙቅ ውሃ ደፋበት። ሳሙናውን ለወጠ። ጠጋኝ ጠራ፤ ጠጋኙም ከፊት ከፍቶ ሞተሩን አየና፣ «ይሄ ምንም አልሆነ» ብሎ ሄደ። በመጨረሻ በሚስቱ ላይ ዞረባት።

«ከነፍርፋሪው እየከተትሽበት ነው!»

ምስኪን፣ ሳሕኑን ሁሉ አስቀድማ በእጇ እያጠበች ማስገባት ጀመረች። «የታጠበ ዕቃ የሚያጥብ ማሽን ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም» አለችው። ውሃው ግን እንደዚያው ነው።

ሆዱን አየ፣ አፉን አየ። ጀርባውን አላየም። መቼም ባማረለት በኩል ጥፋት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ቀን ጠዋት አንገሸገሸው። ማሽኑ ውሃውን ሊያወጣ እየታገለ፣ ያቃስታል። ሰውየው ሳያጠፋው በሁለት እጁ አቅፎ ይጎትተው ጀመር።

«ምን ልትሆን ነው?» አለች ሚስቱ።

«ከገዛሁበት እመልሰዋለሁ! ሁለተኛ ዓይኔ አያየውም!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ወገብህን!»

አንድ ስንዝር ያህል መጣለት። ይህን ጊዜ ማቃሰቱ ቆመ። ከኋላ አንድ ነገር ተላቀቀ፤ ተኝቶ የከረመው ውሃ እየተንዶቀዶቀ ከጎኑ ባለው የማድ ቤት ገንዳ ሥር በተዘረጋው ቱቦ ወረደ። ሰውየው ማሽኑን እንዳቀፈ ቀረ። አጮልቆ ወደ ኋላ ቢያይ፣ ውሃ የሚወጣበት የጎማ ቱቦ ለሁለት ታጥፎ የኖረበት ቦታ ሰንበር አውጥቷል።

«ታንቆ ነው» አለ በዝግታ። «እኔው ነኝ ያነቅሁት።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ስድብ የጠጣችው ሚስቱ፣ አሁን ልትሰድበው ትችል ነበር። አልሰደበችውም። «በል እዚያው ይቁም» አለችው። «ቦርጩ ቢታይ ይታይ።»

ይርዳው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ክፉ ነህ አላልሁም፤ እሱም ክፉ አልነበረም። ክርስትና ላልተነሣ ጨቅላ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም። ጎረቤቱ «እግዜር ይተካልሽ» ብሏት ያልፋል። አንተም «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አልሃት። ፀጉሯን አሠርተህ፣ ነጭ አልብሰህ፣ ከሰው እኩል አቆምሃት። ለዓይን አማረች። ስትከሳብህ ጊዜ ሐኪም አሳየሃት፣ ጠበል ወሰድሃት፣ ሾርባ አሠራህላት። ደግ አደረግህ። ግን ያ ሁሉ ማጣሪያ ማጠብ ነው። መውጫው በኋላ በኩል ታጥፏል፤ ያጠፍነውም እኛው ነን፣ እንዲያምርብን ብለን።

አንዲት ስንዝር ሳብ አድርጋት። የሕፃኑን ነገር አንተው አንሣላት። ማንን ይመስል እንደ ነበር ጠይቃት፤ እሷ አይታዋለች፣ ሌላ የጠየቃት የለም። ስታለቅስ ዝም አታሰኛት፤ ከቻልህም አብረሃት አልቅስ፣ የልጅ ልጅህ ነበረና። ቤትህ ለአንድ ሰሞን ባያምር ምን ይሆናል?

እሑድ ዕለት እንግዳ ሞልቶብህ ሳለ፣ ሳሕን እንደ ያዘች ወደ ጆሮህ ጎንበስ ብላ ያለችህን ራስህ ነግረኸኛል። አንተ የነገርኸኝ «ሐዘኑ አሁንም አልተዋትም» ለማለት ነው። እኔ ግን ሌላ ሰማሁበት። እስቲ አንተም ደግመህ ስማው፦

«አባዬ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ላልቅስ?»