አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረው መዝገብ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ብስራት ትባላለች። የምትሠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሕመምተኞቹ ካርድ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። ዋናው ላይ ሐኪሞች ይጽፋሉ፤ ሁለተኛው የተጻፈውን እየተከተለ ይገለብጣል። ከከተማው ማዶ ያለው ቅርንጫፍ የሚያነበው ከሁለተኛው ነው። ሁለቱን መጠበቅ የብስራት ሥራ ነበር።

ሰነፍ አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ገብታ ታያለች፤ ሁለቱ ተገናኝተዋል ወይ? ተገናኝተዋል። እሰይ! ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። ሁለተኛው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚከተል ግን አይታ አታውቅም። ማንስ ያያል?

አንድ ማክሰኞ ጋሽ ደበሽ የሚባሉ አናጺ እግራቸውን ምስማር ወግቷቸው ወደ ዋናው ሆስፒታል መጡ። "ፔኒሲሊን አይስማማኝም፤ አንዴ ጉሮሮዬ አብጦ ልሞት ነበር" ብለው ለዶክተሩ ነገሩት። ዶክተሩም ጻፈ። ቁስሉ እንዲጠረግላቸው ወደ ማዶው ቅርንጫፍ ላካቸው።

እዚያ ያለው ሐኪም ካርዳቸውን ከፈተ። ስለ ፔኒሲሊን አንዲት ቃል የለም። ፔኒሲሊን አዘዘላቸው። ሲስተር ዘርትሁን መርፌውን ሞልታ ቀረበች።

"ጋሼ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?"

"ፔኒሲሊን ነዋ! ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው እኮ!"

መርፌውን መልሳ አስቀመጠች።

ወዲያው ለብስራት ተደወለ። ብታየው ዋናው ላይ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ሪፖርት እዚያው ሰርቨር ላይ ይዘጋጅ ነበርና፣ መገልበጡ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ግንኙነቱ አልተቋረጠም። ዘግይቶ ነው እንጂ።

ብስራት አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሥራ ጀመረች። ሪፖርቱን ወደ ሌላ ማሽን አዛወረች። የማይስማማ መድኃኒት ሁሉ በቀጥታ ከዋናው እንዲነበብ አደረገች። ሁለተኛው ከአምስት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ደግሞ ስልኳ እንዲጮህ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ ማዶ ተሻግራ ጋሽ ደበሽን ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ምን ቢሏት ጥሩ ነው?

"ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ። አንቺ ነሽ የገረጣሽው። ለመሆኑ ምሳ በልተሻል?"

ወገኖቼ፣ በብስራት አትፍረዱባት። እኛስ? በየእሑዱ እንጨባበጣለን። "ሰላም ነው?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" አለቀ። ስለዚያ ሰው የምናውቀው ግን የመቼውን ነው? የተጸጸተውን ዛሬም እንደ በደለኛ የምናየው ስንቶቻችን ነን? ልቧ የተሰበረውን እህት እንደ አምናዋ ሳቂታ ቆጥረን የምናልፋትስ?

እኔም አለሁበት። ለአንድ ወንድማችን ሥራ እንዲያገኝ አንድ ዓመት ሙሉ ጸለይኩለት። ለካ ሥራ ካገኘ ስምንት ወር ሆኖታል! ለካ በዚያው መሀል እናቱን ቀብሯል! በየሳምንቱ እጁን እየጨበጥኩ ለቅሶ አልደረስኩትም።

"ምነው ሳትነግረኝ?" አልኩት።

"መምህር፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "አልጠየቁኝም እኮ።"

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ጠይቁ። "ደኅና ነኝ" ሲላችሁ ቶሎ አትሂዱ። ትንሽ ቁሙለት።