የአዛዡ ምልክቶችና ረግረጉ

የስካውት አዛዡ አቶ ጥላዬ ከካልሲያቸው እስከ ትከሻቸው ምልክት ያልተሰፋበት ቦታ አልነበራቸውም አሉ። አንድ ቀን አቋራጭ አገኘሁ ብለው ረግረግ ውስጥ ገቡና እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ድርቆሽ ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ሴት አየቻቸውና ሸክሟን አውርዳ ገመዷን ፈታች።

«ቆዪ!» አሉ አዛዡ። «በማዕረጌ ሳትጠሪኝ፣ ሰላምታም ሳትሰጪኝ እንዳትነኪኝ! እኔ ማን እንደሆንኩ ከምልክቶቼ አታውቂም?»

«ከየት አውቄ ጌታዬ? እስቲ ያስረዱኝ።»

አዛዡም ከታች ጀመሩ። የካልሲው ምልክት የረጅም ጉዞ ነው አሉ፤ ካልሲው ግን ከተዋጠ ቆይቷል። የቀበቶው የመሪነት ነው ሲሉ ቀበቶው ገባ። የደረቱ መንገድ የማወቅ ነው ብለው ሳይጨርሱ ጭቃው ደረታቸውን ዋጠው።

ሴትዮዋ ገመዷን እንደያዘች ድርቆሹ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ብለው ጮኹባት።

«ጭቃው ማዕረግዎን ከታች ጀምሮ እየገፈፈ ነው፣ ጌታዬ። የቀረችው የትከሻዋ ብቻ ናት። እሷ ስትገፈፍ እኩዮች እንሆናለን፤ ያኔ ያለ ሰላምታ ጎትቼ አወጣዎታለሁ።»