የገዥው እናት ተራራ

ላሳምር ብሎ የሚያበላሽ ሰው ባየን ቁጥር የምንላት አንዲት አባባል አለች። ከቻይና አገር በነጋዴ አፍ የመጣች ናት ይባላል፤ እኛም የደጋ ሰዎች ስለሆንን ጉም ምን እንደሆነ የሚያስረዳን አላስፈለገንም።

ኩዎ የሚባል የአውራጃ ገዥ ነበር። እናቱ ስታረጅ ብቻዋን ሊተዋት አላስችል አለውና ከተራራማው ቀዬዋ አንስቶ ሜዳ ላይ ወዳለው ከተማ አመጣት። እሷ ግን እህል አልቀምስ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ልጅየው ቢጨንቀው ሼን የሚባል ሽማግሌ ሠዓሊ አስጠርቶ፣ «የእናቴን ተራራ ሣልልኝ» አለው።

ሼን የዚያው ተራራ ሰው ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑም ደክሟል። «ጌታዬ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ የምሥል አይመስለኝም» አለና በጥቁር ቀለም ጀመረ። የተራራውን ጫፍ ሣለ፤ ከግርጌው ጥቂት ጥዶች አቆመ፤ መሐሉን እንዲያው ነጭ አድርጎ ተወው።

አሮጊቷ ሥዕሉን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ።

«ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል ማለት ነው» አለች። የዚያን ቀን ሾርባ ጠጣች።

ገዥው ከችሎት ሲመለስ ግን አልወደደውም።

«መሐሉ ምነው ባዶ ሆነ?»

«ባዶ አይደለም ጌታዬ፤ ጉም ነው።»

«መንገዱስ? ዱሩስ? የተወለድኩበት ቤት የታለ? እናቴ ምንም እንዲጎድልባት አልፈልግም። ሙላው!»

«ይቅርብዎ ጌታዬ…»

«ሙላው አልኩህ እኮ!»

ሽማግሌው ለክርክር አቅም አልነበረውም። ብሩሹን ነከረ። ቤቱን ሣለ፤ ዱሩን፣ ገደሉን፣ መንገዱን ጨመረ። ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ የተራራው ጫፍ ከሥሩ ጋር ተቀላቀለና ወረቀቱ እንደ ከሰል ክምር ጠቆረ።

ገዥው ደነገጠ። «መልሰው! እንደነበረ አድርገው!»

«ቀለሙን ወረቀቱ ጠጥቶታል» አለ ሼን፣ ብሩሹን አስቀምጦ። «ሌላ ለመሣልም ጉልበት አልቀረኝም።»

አሮጊቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረች። ተራራዋን ብዙ ፈለገች። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ልጇ እግሯ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አልተቆጣችውም፤ ለእሷ ብሎ እንዳደረገው ታውቃለች። ራሱን እየዳበሰች፣ በደከመ ድምፅ፣ «ተወው ልጄ፤ ጉሙን የጠላ ተራራውን ያጣል» አለችው።