የንቦቹ ፊርማ

አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ የዓመት ማሩን ገበያ ሊያወርድ አህያውን ሲጭን፣ "ከኬሚካል ነፃ" የሚለውን ምልክት የሚለጥፈው መላጣ ተቆጣጣሪ ከረባቱን አስሮ ከተፍ አለ። ማሩን በጣቱ ዝቆ ቀመሰ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ ጣቱን ልሶ ፎርም ዘረጋ።

"ንቦችህ መርዝ የተረጨበት አበባ አለመቅሰማቸው በፊርማ ካልተረጋገጠ ምልክቱን አልለጥፍም!"

"እኔ ልፈርምላቸው፣ ጌታዬ።"

"አንተ አብረሃቸው በረሃል? የቀሰመችው ራሷ ትፈርም! መመሪያ መመሪያ ነው።"

ሽማግሌው የጎደለውን ማር አየ። የሰውዬውን መላጣም አየ። ቀስ ብሎ ሄዶ የቀፎውን ክዳን ያዘ።

"እሺ ጌታዬ፣ ይፈርማሉ። ወረቀት ላይ ግን አልለመዱም፤ የሚፈርሙት አናት ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ ሰፊ ቦታ አለዎት።"