የጎሚስታው ጊታር

አንድ ጎሚስታ ነበረ። ጊታር መማር የጀመረው ጢሙ ከሸበተ በኋላ ነው።

እህት ብርቄ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ስጸልይ ጌታ ዝም ይለኛል፤ ጸሎቴ ቢያስጠላው ነው እንዴ? ከእንግዲህ ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት አልመጣም» ነው ያልሽኝ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁምና በጥቅስ አልከራከርሽም። የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ሰውየው የሚጸልይበት ጉባኤ ትንሽ ነው። ጊታር ይመታላቸው የነበረው ልጅ ሥራ አግኝቶ ሩቅ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በጭብጨባ ብቻ ሲዘምር፣ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲጎተት፣ መዝሙሩ መሃል ላይ ይበተን ጀመር። ጎሚስታው አንድ እሑድ ተንበርክኮ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሰው ከጠፋ እኔ እማራለሁ» አለ። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ደነገጠ። ጣቶቹ ጎማ ሲፈለቅቁ የኖሩ፣ ወፍራምና ደረቅ ናቸው። ግን ብሏል፤ አንዴ ብሏል። አሮጌ ጊታር ገዛ።

የሚያስተምረው አንድ ወጣት መምህር ተገኘ። መምህሩ የሚኖረው አውቶብስ ግማሽ ቀን በሚሄድበት ከተማ ነው፤ አልፎ አልፎ ሲመጣ ያሳየዋል። የመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት፣ «ጋሼ፣ አንዱን መዝሙር ቤትህ ሆነህ ቅዳና በስልክ ላክልኝ። ሰምቼ የጎደለህን አሳይሃለሁ» ብሎት ሄደ።

ጎሚስታው መኝታ ቤቱን ዘጋ። ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደገፈ። ሚስቱን፣ «ወዲያ ሁኚ፣ እንዳትናገሪ» አላት። መታ፤ ተሳሳተ፤ አጠፋው። ደግሞ መታ፤ የጎረቤት ዶሮ ጮኸበት፤ አጠፋው። ሲደክመው ትንሽ የሚሻለውን፣ ሚስቱ ከበሩ ውጭ የምታስልበትን፣ ዓይኑን ጨፍኖ በቴሌግራም ለመምህሩ ላከ። አላስችል ስላለውም ለጉባኤው ሰዎች ላከው።

ከጉባኤው ሰዎች መልሱ ወዲያው ዘነበ። «በርታ!» «ተባረክ!» «ጌታ ይጨምርልህ!» የሚያጨበጭብ እጅ የላከም አለ። አንዱ ቀልደኛ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ጊታር ነው ወይስ ጎማ እየነፋህ ነው?» አለው። ጎሚስታው ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። አንዳቸውም ምን እንደጎደለው አልነገሩትማ። እሱ የሚጠብቀው የመምህሩን ቃል ነው።

ከመምህሩ ምንም የለም። መልእክቱ ሥር ሁለት ራይት ብቻ። ተከፍቷል፤ ተሰምቷል ማለት ነው። መልስ ግን የለም።

በማግስቱ ሥራው ላይ ሆኖ ልቡ ኪሱ ውስጥ ነው። እጁን በጨርቅ ይጠርግና ስልኩን ያያል፤ ይከተዋል፤ መልሶ ያወጣዋል። የአንዱን ሚኒባስ ብሎን አጥብቆ ሳይጨርስ ክሪኩን ሊያወርድ ሲል ሾፌሩ ጮኸበት፦ «ኧረ ጋሼ! ሰው እኮ ነው የምጭነው!» ሌላ ደንበኛ ደውሎ፣ «ጎማዬ ይተነፍሳል፤ ምን ሆኖ ይመስልሃል?» ሲለው ደግሞ እሱ ጮኸ። «በስልክ እኔ ምን አውቃለሁ? አምጣውና ውሃ ውስጥ ነክሬ ልየው!»

ስልኩን ዘግቶ እንደገና ሁለቱን ራይት አየ። ቆሽቱ አረረ። የላከውን ከራሱም ከመምህሩም ስልክ አጠፋው።

አጥፍቶትም አላረፈም። ለምሳ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጦ ያፈጥበታል።

«አንተ ሰው፣ እንቁላል ነው እንዴ? ብታፈጥበት አይፈለፈልም!» አለችው ሚስቱ።

«ሰምቶ እኮ ነው ዝም ያለኝ። አስቀያሚ ነው ማለት አፍሮ ነው።»

«ሥራ ይዞት ቢሆንስ?»

«አንድ ቃል ለመጻፍ?» ብሎ ብድግ አለ። ጊታሩ ከግድግዳው ላይ ሆኖ የሚታዘበው መሰለው። ፒንሳውን ከኪሱ አወጣና ክሮቹን አንድ በአንድ ቆረጣቸው። ክሩ ጧ ባለ ቁጥር ሚስቱ ክው ትላለች።

«ለጌታ የገባኸው ቃልስ?» አለችው።

የመጨረሻዋን ክር ቆርጦ ፒንሳውን ሳያስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ነው፤ የመንገድ አቧራ እንደለበሰ።

«ጋሼ፣ ሥራ ቦታህ ሄጄ አጣሁህ፤ ለምሳ ገብቷል አሉኝ።»

ጎሚስታው ፒንሳውን ከኋላው ደበቀ። ክሮቹ ግን ወለሉ ላይ ተጠቅልለው ይታያሉ። መምህሩ ክሮቹን አየ፤ ጊታሩን አየ፤ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ክር አወጣ።

«ከላክህልኝ ላይ የሦስተኛዋ ክርህ ድምፅ መሞቱን ሰማሁ። ይህችን ይዤልህ መጣሁ» አለ።

«ታዲያ ምነው አንድ ቃል ብትጽፍልኝ!» አለ ጎሚስታው።

«ምን ብዬ? አውራ ጣትህ የጊታሩን አንገት አንቆ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ሌሎቹ ጣቶችህ የማይደርሱት። ይሄ እጅህን ይዤ ካላሳየሁህ በጽሑፍ ይገባሃል? አንተስ ጎማ በስልክ ትለጥፋለህ?»

ጎሚስታው አንገቱን ደፋ። «እመጣለሁ ብትለኝ እንኳ…»

«አትልፋ፣ ይቅርብህ ትለኝ ነበራ!»

እውነቱን ነው፤ ይለው ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ፤ የላክሁልህን።»

«አውቶብስ ውስጥ ደግሜ ልሰማው ብል አጣሁት። ግድ የለም፤ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የባለቤትህ ሳል ሳይቀር።»

ሚስቲቱ ሳቀች። መምህሩ ያቺን አንድ ክር ወጠራት። ጎሚስታውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ያን ወፍራም አውራ ጣት በእጁ ይዞ አላላው። ከሰዓቱን ሁሉ በአንዲት ክር ተማረ። ለቀሩት ክሮች መቆየት ነበረበት፤ በዚያ እሑድም ጉባኤው እንደ ወትሮው በጭብጨባ ዘመረ።

እንግዲህ እህት ብርቄ፣ ጎሚስታው አንቺ ነሽ። ጸሎትሽ ሳል የገባበት፣ ዶሮ የጮኸበት ይሆናል፤ ግን ተሰምቷል። ተጸጽተሽ ባልጸለይኩ ብትዪም ከጆሮው አይጠፋም። ለምን አስቀድሞ እመጣለሁ እንደማይል እኔ አላውቅም፤ እኔም መልሱን እየጠበቅሁ በሩን አፍጥጬ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ለአንቺ ቃል ብቻ የሚበቃሽ ቢሆን ኖሮ ቃሉን በላከልሽ ነበር። እጅሽን ሊይዝ የሚመጣ መንገድ አለበት። ስለዚህ ፒንሳውን አስቀምጪ። ቆርጠሽ ጨርሰሽ ከሆነም አትደበቂ፤ በሩን ክፈቺለት። በአንዲት ክርም ይጀምራል።