የዘርትሁን ጠባብ ቤትና የገደሉ ውሃ

«ተረት ተረት።»

«የቤት መሠረት።»

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ልጆቼ። በድሮ ዘመን ከአንድ ገደል ሥር ባለች መንደር ዘርትሁን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ደርሶ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ደርሶም ውባንቺ የምትባል የሩቅ አገር ልጅ አገባና ከእናቱ ዘንድ አመጣት። አሮጌው ቤታቸው ዘምሞ ነበርና ደርሶ አፈረሰው። አዲስ ቤት ሊሠራም ተነሣ።

የደርሶ ልብ ትልቅ ነበር። መሠረቱን እንደ አውድማ አሰፋው። ቋሚውን ተከለ። ማገሩን ማገረ። ያየው ሁሉ፦ «ቤት ነው ደብር የምትሠራው?» ይለው ነበር። እሱም፦ «እናቴ በጠባብ ቤት ጎብጣ ኖራለች። አሁን ቀና ብላ ትግባ» ይላል። ዘርትሁን ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ደስታዋን ግን በሆዷ ትይዛለች።

ከዚያም ጣራው ላይ ሲደርስ ነገሩ ጠና። ለዚያ ሁሉ ስፋት የሚሆን ረጅም እንጨት ከጫካው ታጣ። የክዳኑ ሣርም አልበቃ አለ። ክረምት ደግሞ ሰው እስኪሰናዳ አይጠብቅም፤ መጣ። ሦስቱም ክዳን በሌለው ግድግዳ ጥግ ዳስ ጥለው ተጠለሉ።

የዚያ መንደር ሰው እዳሪ የሚወጣው ከዳገቱ ላይ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ነበር። ውሃ የሚቀዳው ደግሞ ከታች፣ ከኩሬው። ዝናቡ የላይኛውን ሁሉ አጥቦ ወደ ኩሬው ያወርደዋል። ሰዉ ይህን ያያል። ግን አባቶቹም ከዚያው ጠጥተዋልና ዝም ይላል። በዚያ ክረምት የሆድ በሽታ ገባ። ብዙ ቤት ለቅሶ ሆነ። ደርሶም ታመመና ሞተ።

ውባንቺ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ከዚያም መስከረም ጠባ። ቋሚዎቹ እንደ ቆሙ ቀሩ። ዘርትሁን በየማለዳው ትወጣና አንዱን ቋሚ ይዛ ትቆማለች። አንድ ቀን ውባንቺ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

ውባንቺም፦ «እሜቴ፣ ልጁ በዳስ ውስጥ ሊወለድ ነው። ይህን እንጨት ነቅለን፣ ቆርጠን፣ ትንሽ ቤት ብንሠራበት ምን ይመስልዎታል?» አለቻት።

ዘርትሁንም፦ «የልጄን እጅ ነው የምትነቅዪው» አለችና ፊቷን አዞረች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ከዚያም አንድ ማለዳ እንደ ልማዷ ወጣችና ቋሚውን ተደገፈች። ቋሚው ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረችው። ከሥሩ ምስጥ ገብቶበታል። ሁለተኛውን ነካች፤ እሱም እንደዚያው። ዘርትሁን መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇ የለም። እጁ ያረፈበትንም እንጨት ምስጥ እየበላው ነው።

ከዚያም ተነሥታ ውባንቺን ጠራቻት፦ «ምስጥ ከሚጨርሰው የልጅ ልጄ ይጠለልበት። ንቀዪው።»

መንደርተኛው ደቦ ወጣ። የተበላውን የእንጨቱን ሥር ቆርጠው ጣሉ። ደኅናው ለትንሽ ክብ ቤት በቅቶ ተረፈ። ሥሩን በድንጋይ ካቡት፣ ምስጥና እርጥበት እንዳይደርስበት። ጭቃውን በጭድ አቡክተው መረጉት። ያ ለደርሶ ቤት ያልበቃው ሣር ይህን ጥቅጥቅ አድርጎ ከደነው።

ቤቱ ቆመ። ዘርትሁን ግን ከደጃፉ ቆማ ወደ ኩሬው ታያለች። እንዲህም አለች፦ «ቤቱስ ተሠራ። ውሃው ያው ከሆነ ለማን ነው የሠራነው?»

ከገደሉ አፍ ንጹሕ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። ዳገቱ እንስራ ተሸክሞ አያስወርድም። ደግሞም የአድባር ውሃ ነው ይባላልና የሚነካው የለም። ውባንቺ በአገሯ ውሃ በቀርከሃ ሲሄድ አይታ ነበር። ቀርከሃ አስቆረጠችና ተቀምጣ ውስጡን በጋለ ብረት እየበሳች አንዱን ካንዱ ታጋጥም ጀመር። መጋጠሚያውን በሰምና በጨርቅ ታሥረዋለች።

ይህን የሰማ የመንደሩ ሽማግሌ፣ አያ ጓንጉል፣ በትሩን ይዞ መጣ፦ «ዘርትሁን፣ የአድባርን ውሃ ከቦታው አታንሺ። ይቆጣብናል።»

ዘርትሁንም፦ «አያ ጓንጉል፣ ደርሶ ውሃ ውሃ እያለ ነው የሞተው። እኔም ከኩሬው እየቀዳሁ በዚህ እጄ አጠጣሁት። በጠጣ ቁጥር ባሰበት፤ በባሰበት ቁጥር ቀዳሁለት። አንቱም የልጅ ልጅዎን በዚያው ሰሞን ቀብረዋል። አድባሩ ከዚህ በላይ ምን ይቆጣናል?» አለችው።

አያ ጓንጉል በትሩን እያየ ቆመ። ከዚያም ሄደ። በማግሥቱ መጥረቢያ ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ተመለሰና ባላ እንጨት እየተከለ ቀርከሃውን በላዩ ዘረጋ። ውሃው ከገደሉ አፍ ተነሣ። በቁጥቋጦው አናት አልፎ ከቤቱ ደጅ ወረደ። መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ።

ዘርትሁን በዚያ አላበቃችም። ከቤቱ በታች፣ ራቅ አድርጋ፣ ለእዳሪ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረች። በዙሪያው አጥር አሳጠረች። የተጠቀመ ሁሉ አመድ ይነሰንስበታል፣ ይከድነዋል። መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። አያ ጓንጉል ግን እንደሷ አስቆፈረ። ከዚያም ጎረቤቱ። እያደር ወደ ቁጥቋጦው የሚወጣ ጠፋ። በቀጣዩ ክረምት በሽታው ጨርሶ ባይጠፋም የለቅሶው ቤት ጥቂት ሆነ።

ያ ክረምት ሳይገባ፣ ገና በበጋው፣ ውባንቺ በዚያች ጠባብ ቤት ወለደች። ቤቷ ትንሽ ናትና እፍኝ እሳት አሞቃት። ዘርትሁን ወጥታ እጇን ከሚወርደው ውሃ አስገባች። አሸችው፤ ደግማ አሸችው። ከዚያም ገብታ ሕፃኑን ተቀበለች።

ውባንቺም ከመደቡ ላይ ሆና፦ «እሜቴ፣ አባቱን ይመስላል?» አለቻት።

ዘርትሁን ፊቱን አየችው።

«የገዛ ራሱን ነው የሚመስል» አለች። «ቤቱ ነው፤ ይኑርበት።»

ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፤ የደረቀ አፌን በእርጎ አርሱ።