ጎሚስታውና የቱቦው ቀዳዳ

አንድ ሰው ነበር፤ ጎሚስታ። ከከተማው መውጫ ላይ ጎማ ይጠግናል። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲፈልግና ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያምናል? ምንም አያምንም!

አንድ ቀን የልጁ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራ። የጤና ባለሙያዎች የልጆችን የመተንፈሻ ጡንቻ ጉልበት ሊለኩ መጥተዋል። የታመሙትን አይደለም፣ ጤነኞቹን። «የጤነኛው ልክ ካልታወቀ የታመመው በምን ይለያል?» አሉ።

ሌላው ወላጅ ተስማማ። እሱ ግን ጠረጠረ። «ጤነኛ ልጅ ለምን ይለካል? የደበቁን ነገር አለ።» አትፍረዱበት። የመጀመሪያ ልጁን በሳንባ በሽታ ቀብሯል። የቀረችለት ኬብሮን ብቻ ናት። ደረጃ ወጥታ ቁና ቁና ስትተነፍስ ልቡ ስንጥቅ ይላል።

ተራዋ ደረሰ። ከባለሙያዎቹ አንዷ ሲስተር ከመለኪያው ጋር የተያያዘ አጭር ቱቦ ሰጠቻት። «ከንፈርሽን ግጥም አድርገሽ ባለ በሌለ ኃይልሽ ንፊ» አለቻት። አባትየው ቱቦውን አየ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ከጎኑ ትንሽዬ ቀዳዳ!

«ብዬ ነበር!» አለ በሆዱ። «የሚያስተነፍስ ዕቃ ይዘው መጥተው ልጄን ደካማ ሊሉብኝ ነው።» ቱቦውን የሚደግፍ መስሎ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አሳረፈ። ኬብሮን ጉንጮቿን ወጥራ ነፋች። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በለጠች! ሰውየው ደስ አለው?

ደስ አላለውም። ጣቱን ያውቃታላ!

ሲስተሯም አይታዋለች። «አባቷ፣ ጣትዎን ያንሱ። ቀዳዳው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ልጅ በጉንጩ ብቻ ሲገፋ ቁጥሩ ይወጣል፤ ደረቱ ግን ምንም አልሠራም። ቀዳዳው ሲከፈት የጉንጭ አየር ቶሎ ያልቃል፤ የሚቆየው ከደረት የሚመጣው ነው። አሁን የለካሁት ጉንጯን ነው። ስለ ደረቷ የማውቀው ነገር የለም።»

ጣቱን አላነሳም። ፈራ። ቁጥሩ ቢወርድስ? ኬብሮን ቀና ብላ አየችው። «አባዬ፣ እችላለሁ እኮ።»

አነሳ። ነፋች። ቁጥሩ ወረደ። ሲስተሯ ተመለከተችና «የጤነኛ ልጅ ነው፤ እስካሁን እንደለካኋቸው ልጆች» አለች። ሰውየው ከትልቁ ቁጥር ያጣውን ዕረፍት ከትንሹ አገኘ፤ ቆሞ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ይቅር በሉኝና እኔ እናንተን እጠረጥራለሁ። ራሴንም ጭምር። ባለፈው እሁድ በዝማሬው መሀል መብራት ሄደ። ማይኩ ዝም ሲል ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ? ጥቂት እናቶች ብቻ ሲዘምሩ ሰማሁ። በኋላ በር ላይ ምን አላችሁኝ? «ፓስተር፣ ጄኔሬተር እንግዛ!» ቀዳዳ ስናይ መድፈን ነው!

መልሱ የዘገየባችሁ ጸሎት ቀዳዳ ነው። ማንም የማያመሰግናችሁ አገልግሎት ቀዳዳ ነው። «እዚያ እንደዚያ እየዘመርክ ቤት ስትገባ ለምን ትጮህብናለህ?» የሚለው የሚስትህ ጥያቄም ቀዳዳ ነው። እግዚአብሔር ሳያየው ያለፈው ይመስላችኋል?

እሱ ትልቅ ቁጥር አልጠየቃችሁም። የደረታችሁን ነው የሚፈልገው፣ ትንሽም ብትሆን። ታዲያ አሁን፣ እዚህ እንደተቀመጣችሁ፣ ጣታችሁ የት ነው ያለው?

አንሱት።